ለአራስ ልጅ ስንት ልብስ ይበቃል?

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ፣ ሰባተኛ ወሬ ላይ መርካቶ ወርጄ ብሬን ጨርሼ ተመለስኩ። ጫማ ሳይቀር ገዛሁ። አንዴ እንኳን ሳታደርገው ጠበባት።

ለሁለተኛው ግን ረጋ ብዬ አሰብኩ። ስድስት ፓካውት፣ አምስት እግር የሚሸፍን ቱታ፣ ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ካልሲ። በቃ። ሐምሌ ላይ ስለተወለደና በክረምት የታጠበ ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ቱታ ጨመርኩ እንጂ በጋ ቢሆን ከዚህም እቀንስ ነበር።

ቱታ ስትመርጡ ከአንገት እስከ እግር የሚከፈተውን ውሰዱ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳይፐር አፍስሶ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ የቆሸሸ ልብስ በጭንቅላቱ ማውለቅ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያየ ያውቀዋል። እትብቱ እስኪወድቅ ደግሞ ወገብ ላይ የሚያጠብቅ ላስቲክ ያለው ሱሪ ይቅርባችሁ። ከ0–3 ወር የሚለውን ብዙ አትግዙ። ትንሽ ሰፋ ያለውን እጅጌውን አጥፎ ማልበስ ይቻላል።

ሳልቫጅ አትናቁ፣ እባካችሁ። ጥሩ ጥጥ ይገኝበታል። ቁልፉን ግን ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ የላላ ከሆነ ተነቅሎ ልጁ አፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኔ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ተኩሼ ነው ያለበስኩት። አዲስም ቢሆን ሳይታጠብ አይለበስም።

መጠቅለያ አልገዛሁም። እናቴ ያረጀ ነጠላዋን አራት ቦታ ቆርጣ ጠርዙን በእጇ ሰፋችልኝ። ከሁሉም ልብሱ የለሰለሰው እሱ ነበር።