በረዶው ሳይቀልጥ ተራራ ላይ ማደር

ተራራ ላይ ለማደር እኔ የምመርጠው በረዶው ገና ቀልጦ ያላለቀበትን ጊዜ ነው። መንገዱ ጭር ያለ ነው፣ ትንኝ የለም። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ታች በቲሸርት የዋለ ሰው ላይ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል።

ጠዋት በረዶው ደርቆ ሰው ይሸከማል። ከሰዓት በኋላ ይላላና እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል። ከባድ ሻንጣ አዝሎ ከዚያ መውጣት አበሳ ነው! ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ጅረትም የምሻገረው በጠዋት ነው፤ ቀን የቀለጠው ወደ ማታ ሞልቶ ይመጣል።

የማብሰያዬ ጋዝም የራሱ ጣጣ አለው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቡቴን የሚባለው ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቅተዋል። ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ እሳቱ ጭል ጭል ይላል። ፕሮፔን የሚባል ሌላ ጋዝ የተቀላቀለበት ይሻላል። ማታ ቆርቆሮውን ከመኝታ ከረጢቴ ውስጥ እግሬ ሥር አስተኛዋለሁ። የውሃ ማጣሪያውም አብሮኝ ያድራል። በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። (መኝታዬ ዕቃ ቤት መስሏል፣ ምን ይደረግ።)

ፍራሽ ላይ አልቆጥብም። ከጀርባችን ሥር ያለው የከረጢቱ ላባ ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይዝም። ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚከልለን ፍራሹ ነው። በረዶ ላይ ሳድር ስፖንጁን ከሥር፣ የሚነፋውን ከላይ እደርባለሁ።

ካስማ ደግሞ ለስላሳ በረዶ ውስጥ አይቆምም። ትንሽ ከረጢት በረዶ ሞልቼ፣ የድንኳኑን ገመድ አስሬበት እቀብረዋለሁ። ሌሊት ድርቅ ብሎ ይይዛል። ጠዋት ቆፍሮ ማውጣቱ ነው ትግሉ።