በረካ ላይ ደረስኩ

ዛሬ እሁድ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ለእማዬ ደወልኩ። ገና ስልኩን እንዳነሳች፣ «ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ? በረካው እኮ ተጠጣ» አለችኝ።

ለካ ሌሊቱን እዚህ ዋሽንግተን ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። እስከ ትናንት ከአዲስ አበባ ጋር የ7 ሰዓት ልዩነት ነበረን፤ ዛሬ 8 ሆነ። እኔ በለመድኩት ሰዓት ነው የደወልኩት። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ 9 ሰዓት ላይ አቦሉን ቀድታ፣ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣ ስትጠብቀኝ ነበር። የእኔንም ሲኒ ቀድታ። ሁሌ ትቀዳልኛለች። «ቀዘቀዘ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ምክንያቱን ላስረዳት ሞከርኩ። ቀኑ ሲረዝም ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል፣ ሲያጥር ደግሞ ወደ ቦታው ይመልሱታል። አሜሪካ ይህን የጀመረችው በፈረንጆቹ 1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጀርመን በ1916 ቀድማታለች። የምሽቱን ብርሃን ተጠቅሞ ለመብራት የሚወጣውን ነዳጅ ለመቆጠብ ነበር። ብዙ ሰው ለገበሬው ተብሎ የመጣ ይመስለዋል። እንዲያውም ገበሬው አጥብቆ ተቃውሞት፣ በ1919 ሕጉ ተሽሮ ነበር። በመላ አገሪቱ ወጥ ሆኖ የተደነገገው በ1966 ነው።

እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ላሟ ታዲያ በየትኛው ሰዓት ትታለባለች?» አለች። ገጠር ነው ያደገችው። የአሜሪካ ገበሬም ያኔ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

እኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ክረምት ከበጋ የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለያይም። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የእማዬን የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለመቀየር ካልሆነ ማንም ነክቶት አያውቅም።

እስከ ማርች ድረስ እሁድ እሁድ አንድ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ። አቦሉ ሲቀዳ መድረስ አለብኝ።