አንድ ቁጥር፣ ሰባት በር

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ቀን አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት ነገር እየተመላለሰ ይመጣብኛል። ተነስቼ ልጻፈው አልኩ።

ስብሰባው እናቴ ስለምትኖርበት ሰፈር ነበር። አዳማ መሃል ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም ያደገችው ሐዲዱን ተከትላ ነው። የሰፈሩ ቤቶች አብዛኞቹ ጭቃ ናቸው። ቆርቆሯቸው ዝጓል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። አሁን እነሱ ይፍረሱና የመኖሪያ ሕንፃ ይሠራበት የሚል ሐሳብ መጥቷል። ገና ውይይት ነው፣ አልተወሰነም ተባልን። የምክር ቤት አባላትም መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል።

ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ሚያዝያን አዳማ ላይ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ሁሉም በእጁ ባለው ወረቀት ራሱን ያራግባል። ንግግሩ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲነሱ ግን ሁለቱንም እየቀላቀሉ ተናገሩ፤ ያልገባው ሰው አልነበረም። የከተማችንን ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው።

እኔ ሕንፃውን አልቃወምም። ይሄ ይታወቅልኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። አከራይ «ወንድሜ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን ፈልጌው ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። አንዷ የምክር ቤት አባል «ወደ ላይ ካልሠራን የገበሬውን መሬት እየበላን ነው የምንሄደው» ስትል ከልቤ አጨበጨብኩ። እውነቷን ነው።

አንድ አባት ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጥተዋል። አውጥተው ከፍ አድርገው አሳዩን። «ግብር ስከፍል የኖርኩት እኔ ነኝ። ለምን ሌላ ሰው ይሠራበታል? ተደራጅተን ራሳችን እንሥራው» አሉ። ዝም ብለው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ላሉ ባለይዞታዎች፣ በግልም ሆነ በቡድን፣ በፕላኑ መሠረት የማልማት ቅድሚያ ሰጥቷል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ግን ሳይነካ ታለፈ።

የጎርፍ ጥያቄም ተነሳ። አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ናት። ክረምት ላይ ውሃው ከየኮረብታው ወርዶ የሚሰበሰበው ከተማው ውስጥ ነው። አንድ ወጣት «አፈሩ ሁሉ በሲሚንቶ ሲሸፈን ውሃው የት ይሂድ?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ አየሁት። ደስ አለኝ።

ከዚያ የቤት ቁጥር ዝርዝር ተነበበ። የእናቴ ግቢ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የቆርቆሮው በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ቀለሙ ወደታች ወርዶ እንደ እንባ ደርቋል። ከበሩ ጀርባ ግን ሰባት በር አለ።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የእኛም ግቢ ዋናው ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። ተከራይዋን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጆች ሲወልዱ አንድ ክፍል ቀጠሉ። ኑሮ ሲከብድ ሌላ ቀጥለው አከራዩ። እናቴ እኔን አዝላ የገባችው ከነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ ነው። ደባል ሆና ገብታ ይኸው እስከ ዛሬ ደባል ናት። ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። የመብራት ሂሳብ በአምፖል ቁጥር እየተከፋፈልን ነው ያደግነው።

እጄን አወጣሁ። «ደባሎቹስ?» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢው በትሕትና ነው የመለሱልኝ። ባለካርታው ካሳና ምትክ አለው፤ የቀበሌ ቤት ተከራዩም ምትክ ቤት ይጠይቃል፤ ደባል ግን ከአከራዩ ጋር ይነጋገር አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ነው የነገሩኝ። እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ከእናቴ ቀጥሎ ያለው በር የእንጀራ ጋጋሪዋ ነው። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ምጣዷን ትጥዳለች። ሲነጋ እንጀራውን በመሶብ ተሸክማ፣ በእግሯ፣ ለምግብ ቤቶቹ ታደርሳለች። በእግሯ መድረስ መቻሏ ነው ትርፏ። ከከተማ ዳር ብትወጣ ትርፉን ባጃጅ ይበላዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ቢሰጣትም ጭሱን ይዛ የት ትገባለች? ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት አብሮ ይሠራ ነበር። እዚህም ሲታቀድ እሷን የሚያስብ ሰው ይኑር ነው የምለው።

ሰፈሩ ጫፍ ላይ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ አለ። የመጀመሪያው ሕንፃ እዚያ ላይ ይቁም፤ ሰዉ ወደዚያ ይግባ፤ ከዚያ የቀረው ይፍረስ። ከቤቶቹም የተወሰኑት ለሽያጭ ሳይሆን ለኪራይ ይሁኑ። በ20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ግዢ ቢባል እናቴ ግቢ ውስጥ የሚችል የለም።

ከስብሰባው እንደወጣሁ ወደ ግቢው ሄድኩ። ደብተር ይዤ በር በር አንኳኳሁ። ስም፣ ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት ኖሩ፣ ሥራ። እትዬ መጀመሪያ ፈሩ። ቤቱን ያስወስድብኛል ብለው ነው መሰለኝ። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ትንሽ ቆይተው «እንግዲህ እነሱም ልጆቼ ናቸው» ብለው ፈረሙልኝ። ይሄን ማድረግ ለሳቸው ቀላል አልነበረም።

እናቴ በር ላይ ስደርስ ቡና እየቆላች ነበር። «ልጄ፣ መጀመሪያ ጎረቤቴን ጻፊያት፣ ሦስት ልጅ አላት። የኔን መጨረሻ ላይ» አለችኝ። እንዳለችው አደረግኩ።

ስድስት በር፣ 21 ሰው ሞልቻለሁ። ሰባተኛው በር የሚኖረው የጥበቃ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ነው። ሌሊት ሥራ ላይ ስለሆነ አላገኘሁትም፤ ሙሉ ስሙን የሚያውቅም ጠፋ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል አሉኝ። ሳይተኛ ልድረስበት። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ ምክር ቤቱ እሄዳለሁ።