የተሰበረ ስኬትቦርድ ጎንደር ላይ ምን ያወጣል?

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒያሳ ባለባጃጁ 600 ብር አለኝ። ዓይኑ ሻንጣዬ ላይ አልነበረም፤ በገመድ ጠፍሬ የያዝኳቸውን ስምንት የተሰበሩ ስኬትቦርዶች እያየ «ዕቃ አለዋ!» ሲል በ350 ተስማማን። አዲስ አበባ ቢሆን ዋጋውን ስልኬ ላይ አይቼ ነበር የምሳፈረው። ፊት ታይቶ የሚቆረጥ ሒሳብ አልወድም፤ መንገዱን በሙሉ ተኮሳትሬ ሄድኩ።

ጎንደር ለስኬትቦርድ የተፈጠረች ከተማ አይደለችም። ዳገትና ቁልቁለቷ አንድ ነገር ነው፣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኗ ሌላ። አዲስ አበባ ላይ ልጆቹ የሚነዱበት 52 ሚሊ ሜትር ጠንካራ ጎማ የድንጋዮቹ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይያዝና ነጂው ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል። የግድ እዚህ እነዳለሁ የሚል ቢያንስ 60 ሚሊ ሜትር፣ ልስላሴው 78ኤ አካባቢ (ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል) የሆነ ጎማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚሰበር ቦርድ የሚገኘው በ2008 ዓ.ም. የስኬት ፓርክ ከተከፈተላት አዲስ አበባ ነው፤ ጎንደር ያለው የሚሠራው እጅ ነው። ቦርዶቹን የወሰድኩላቸው እህትና ወንድም ከቅዳሜ ገበያ ብዙም ሳይርቁ፣ ከአንድ አናጢ ቤት ግማሹን ተከራይተው ጉትቻ፣ የመስታወት ክፈፍና የግድግዳ ሥዕል ይሠራሉ።

ለምን ይህ እንጨት? ደህናው ቦርድ ከካናዳ ሜፕል ዛፍ የሚላጡ ሰባት ስስ ልባጦች ተጣብቀው የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አምስቱ በርዝመቱ፣ ሁለቱ በአግድሙ ይተኛሉ። ፋብሪካው መሃል ያሉትን ልባጦች ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ስለሚነክራቸው በጎኑ ሲቆረጥ ቀለሙ እንደ ጥበብ ጥለት ተደርድሮ ይወጣል። ለጉትቻው ቀለም መቀባት የለም፤ ሕይወት ያለው ዛፍም አይቆረጥም። ዋንዛ በየሰዉ ቤት አልጋና ቁም ሳጥን እየሆነ በሚያልቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጋሼ፣ ታዲያ እንጨቱ በነጻ ነው ብለው እንዳያወሩብን» አለችኝ እህትየው ገና ሳልቀመጥ። እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይ የዋልኩት እንጨቱ የሚጠይቀውን ድካም ነው።

መጀመሪያ ቦርዱን በጣት አንጓ ያንኳኩታል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ልባጦቹ እንደተያያዙ ናቸው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውኃ ገብቶት ኮላው ለቋል፣ ለጉትቻ አይሆንም። ከዚያ ከላዩ ያለው ሸካራ ወረቀት ይነሳል። ሸካራው ሲሊኮን ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር ስለሆነ አንድ ፍንካች እንኳ ከቀረ የመጋዝ ጥርስና የመላጊያ ምላጭ ይበላል። በፀጉር ማድረቂያ ከጫፉ ይሞቃል፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ተኝቶ ቀስ እየተባለ ይሳባል። በጉልበት ከተሳበ የላይኛውን ልባጥ ይዞት ይነሳል። የቀረውን ሙጫ በነጭ ጋዝ ይጠርጉታል፤ ግን ጋዝ የነካው ገጽ ኮላ አይዝም፣ እንደገና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት። ይህን የጫማ መርገጫ ወረቀት ብቻ ማጽዳት ለአንድ ሰው ግማሽ ቀን ይወስዳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ በፍም ማሞቅ ነው፤ ያኔ ማን ይቁጠረው።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ጉብጠቱ ነው። ቦርድ መሃሉ ጎድጎድ፣ አፍና ጅራቱ ቀና ያለ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ እንዲሁ ቢደራረብ መሃሉ አይገናኝም። በርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ይሰነጠቃል፤ በጠባብ ቁራጭ ላይ ጉብጠቱ እምብዛም ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ በመላጊያ ሲነካ ይስተካከላል። ስምንቱ የብሎን ቀዳዳዎች ያሉበት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያው ብሎኖቹ ዙሪያ ነው። ኮላ ተቀብቶ በሞርሳ ታስሮ ያድራል። የጎንደር ሌሊት ሲበርድ ነጩ የእንጨት ኮላ በደንብ አይደርቅምና ወንድሙ ሞርሳውን ማታ ወደ ማድቤት ያስገባዋል።

ማለስለሱ ከ80 ወደ 120፣ 180፣ 240፣ በመጨረሻ 400 ነው። አንዱን ቁጥር የዘለለ ሰው ጭረቱን የሚያየው ዘይት ሲቀባ ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ነው። አቧራው ሳንባ ይጎዳልና ጭምብል ያደርጋሉ። ማጠናቀቂያው የኑግ ዘይትና ሰም ነው፤ ኑግ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ በስሱ ተቀብቶ በማግስቱ ይደገማል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ገመድ ላይ ዘርግተው ያደርቁታል። እንጨት ቤት ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

የጉትቻውን መንጠቆ የሚሠራላቸው ብር አንጥረኛ ነው። የገበያው ርካሽ መንጠቆ ኒኬል ስላለበት የብዙ ሴት ጆሮ ያሳክካል፤ እሱ 0.8 ሚሊ ሜትር የብር ሽቦ ስቦ ያጥፍላቸዋል። አብሬያቸው ሄጄ ለራሴ ልጅ አንድ ጥንድ ባዝዝ «የእንግዳ ነው» ብሎ የእጁን አልተቀበለኝም፣ የብሩን ዋጋ ብቻ። የባጃጁን ንዴት ያወረደልኝ እሱ ነው።

በሌሊቱ ግን ንዴቱ ተመልሶ መጣ። ፒያሳ ያረፍኩበት ሆቴል 850 ብር ተቀብሎ ሙቅ ውኃ አልነበረውም፣ ከሥሩ ያለው ቤት ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አዘፈነ። ስለዚያ ይብቃ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ቱሪስቶች የጣሪያውን መላእክት ቦርድ ላይ ሥሉልን እያሉ ደጋግመው ይጠይቋቸዋል። ለሚነዳ ቦርድ አይሥሉም፤ የመልአክ ፊት ከእግር ሥር አይገባም። ለግድግዳ ለሚሰቀል እንኳ የሚወስዱት የሐረጉን ጌጥ ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ 20 ቦርድ ከነመላእክቱ ልግዛ ብሎ እንደነበር ነገሩኝ፤ አልተስማሙም። እኔ ብሆን በሐረጉ ላይ እንኳ አስብበት ነበር።

ዋጋው ላይ ሰፊ ጭቅጭቅ አለ። 12 ጥንድ ጉትቻ ሁለቱንም ሙሉ ቀን ይይዛል፣ የጽዳቱን ግማሽ ቀን ሳይጨምር። እነሱ መጀመሪያ የሁለቱን የቀን ደመወዝ ይጽፋሉ፣ በላዩ ብር፣ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኪራይ ይደምራሉ፣ ከዚያ በ12 ያካፍላሉ። እንጨቱ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ በአደራ ወስዶ የመሸጫውን ግማሽ ልውሰድ ስላላቸው አሁን በእጃቸው ብቻ ይሸጣሉ። ገዢ ሲከራከር ዋጋ አይቀንሱም፤ ሰነፍ ያልሆነ ክርክር ከመጣ ግን ደብተሩን ገልጠው ያሳያሉ።

መግዛት የሚፈልግ ቅዳሜ ባይሄድ ይሻላል፤ ገበያው መንገዱን ስለሚዘጋው ሁለቱም ሥራ አይገቡም። ለጥምቀት የሚሄድ ደግሞ አልጋውን ቀድሞ ይያዝ፣ ዋጋውንም በጽሑፍ።