ዶሮ ከፍ ባለ ሳጥን ላይ አታስታቅፉ

ይህን የምጽፈው እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ነበሩ። አልሰማኋቸውም።

ቤታችን ኩታበር ነው። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ለዶሮዎቼ የእንጨት ሳጥን ሠርቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ። ምክሩን የሰጠኝ የእንስሳት ባለሙያ ነው። እርጥበት አይነካውም፣ እንቁላሉም ንጹሕ ይሆናል አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንቁላል ለመጣል ሸጋ ቦታ ነው። ለመፈልፈል ግን አይሆንም፣ ይህን ደግሞ አልነገረኝም።

ኅዳር ላይ አንዷ የሐበሻ ዶሮዬ ከሳጥኑ አልወርድም አለች። እጄን ስሰድ ላባዋን ነፍታ በመንቁሯ ትወጋኛለች። 13 እንቁላል አስታቀፍኳት። በ7ኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት እያየሁ ሁለት ባዶ አወጣሁ፣ 11 ቀሩ። በቀን አንዴ ወርዳ ጥሬዋን ለቅማ፣ ውኃዋን ጠጥታ ትመለሳለች። እስከዚህ ምንም አይከብድም።

18ኛው ቀን ላይ ጎረቤታችን ያሉት እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩዋት። «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ማታ አውርዳት እንጂ፣ ጫጩት መሰላል አያውቅም» አሉኝ። እኔ ባለሙያው ጋ ደወልኩ። «የታቀፈች ዶሮ አይነካም፣ 21 ቀን እስኪሞላ ተዋት» አለ። የተማረውን ሰማሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በ20ኛው ቀን ማታ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ይንጫጫሉ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊቱን ውርጭ ጣለ።

ጎህ ሲቀድ ስገባ ሦስት ጫጩት መሬት ላይ ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው ይጮኻል። እናቲቱ ጩኸቱን ሰምታ ወርዳለች፣ ላይ ሁለት ጫጩትና ስድስት እንቁላል ትታ። አንሥቼ መለስኳት፣ ወረደች። ደግሜ መለስኳት፣ ወረደች። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ እንቁላሎቹን ከነጭዱ አውርጄ ከሥሯ ማስገባት ነበር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ፤ እኔ ግን የወደቀውን ጫጩት በጉያዬ እያሞቅሁ በሌላ እጄ ባለሙያው ጋ እደውላለሁ። አያነሳም። ሦስት ሰዓት ላይ አነሳና «ብዙ አትረብሻት» አለኝ። እንቁላሎቹ ቀዝቅዘው እንደ ድንጋይ ሆነዋል። ሁለቱን ጫጩቶቹ ከውስጥ በስተዋቸው ነበር። በማግስቱ ከፈትኳቸው። ላባ ያወጡ፣ ሙሉ ጫጩቶች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንላለን፤ የኔዋ የታቹን አድናለሁ ብላ የቆጡን ጣለች። እሷ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የኔ ነው።

ከ11 የተረፉት ሦስት ናቸው።

ሚያዝያ ላይ እንደገና ታቀፈች። በዚህ ጊዜ የጎረቤታችንን ምክር ያዝኩ። ጥግ ላይ መሬት ላይ የጋን ስባሪ አስቀምጬ አመድ ነሰነስኩበት፣ በላዩ የጤፍ ጭድ። ማታ በጨለማ አቅፌ አወረድኳትና ሦስት አሮጌ እንቁላል ሰጠኋት። ሁለት ቀን ጸንታ ስትቀመጥ አሮጌዎቹን አውጥቼ 12 ደህና እንቁላል ተካሁ። ቀን ላይ ብታዘዋውሯት ተመልሳ ወደ ሳጥኑ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ማታ ብቻ። ሸለምጥማጥ ስላለ በሩን አጥብቄ ዘጋሁ፣ በሩ ሥር ያለችውን ቀዳዳም በድንጋይ ደፈንኩ።

አሥር ተፈለፈሉ።

ከፍ ያለ ሳጥን ላይ ታቅፋባችሁ ቀኑ የገፋ ከሆነ፣ ማንም ምንም ይበል፣ በ17ኛው ወይም በ18ኛው ቀን ማታ ሳጥኑን ራሱን ንቀሉና እሷንም እንቁላሉንም እንደያዘ መሬት አስቀምጡ። ያ ካልሆነ ቢያንስ የሳጥኑን ከንፈር በአንድ ስንዝር ጣውላ ከፍ አድርጉት። ጫጩቶቹ ወጥተው እናትየው ባትነሳ ደግሞ ለምግብ ብላችሁ አታስነሷት። ጫጩት ከአስኳሉ የያዘው ስንቅ ሁለት ቀን ያቆየዋል፣ እሷም የምትጠብቀው የቀሩትን ነው። ውኃ ስትሰጧቸው በዝርግ ሳህን ይሁን፣ ውስጡ ጠጠር አድርጉበት፣ አለዚያ ይሰጥማሉ።

ለጎረቤታችን ከአሥሩ አንዷን ቄብ ስትሆን ወሰድኩላቸው። ባለሙያውን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፣ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ዶሮ ግን አላነሳበትም።