ናዳ ተረተር አያቋርጥም፦ የዌንቹዋንን ደለል ለመለካት የሄድሁበት መንገድ

ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2008) በቻይና ሲቹዋን ክፍለ ሀገር የሎንግመን ተራሮችን የመታው፣ መጠኑ 7.9 የነበረው የዌንቹዋን የመሬት መንቀጥቀጥ በሰው ላይ ካደረሰው እልቂት ሌላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናዳዎችን ወደ ሸለቆዎቹ አውርዷል። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የመረጥሁት ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ነው። መንቀጥቀጡ ተራራውን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ናዳው ደግሞ ይንደዋል፤ ሒሳቡ ሲወራረድ ተራራው አተረፈ ወይስ ከሰረ?

ሥራውን የጀመርሁት ማንም በነፃ ሊያገኛቸው በሚችላቸው የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ነው። ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ በተቀራራቢ ወቅት የተነሡትን እያስተያየሁ፣ በአረንጓዴው ደን መካከል አዲስ የነጣውን ቦታ ሁሉ ዙሪያውን በእጄ እሥል ነበር። የሲቹዋን ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ደመናማ በመሆኑ ጥርት ያለ ምስል መፈለጉ ብቻ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። የወንዝ ዳር ጠጠርና የድንጋይ ማውጫ ሥፍራዎችም እንደ ናዳ ነጥተው ስለሚታዩ፣ የቀድሞውን ምስል ሳላይ የሣልሁትን ሁሉ በኋላ መሰረዝ ግድ ሆኖብኛል።

ትልቁ ስሕተቴ ግን ሌላ ነው። ከሳተላይት የሚታየው የናዳው ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም፤ ስለዚህ በመስክ ከተለኩ ናዳዎች በወጣ ቀመር ስፋቱ ወደ ይዘት ይለወጣል። እኔ የተጠቀምሁበት ቀመር ስፋቱን 1.4 ኃይል ላይ ያነሣዋል፤ ትልቅ ናዳ ከትንሹ ይልቅ ጠልቆ ስለሚቆርጥ፣ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ጎን ለጎን የወረዱ ናዳዎች ከግርጌ ሲገናኙ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በሚሸፍንበት ምስል ላይ አንድ ሰፊ ነጭ መደብ መስለው ይታያሉ፤ እኔም በአንድ መስመር አጥሬ እንደ አንድ ናዳ እቆጥራቸው ነበር። እኩል ስፋት ያላቸውን አሥር ናዳዎች አንድ ብሎ የቆጠረ ሰው፣ ስፋቱን ምንም ሳይሳሳት፣ ይዘቱን ሁለት ተኩል እጥፍ አድርጎ ያወጣዋል።

ይህን የተረዳሁት አንድ ምሽት የከፍታ መስመሮችን በሣልኋቸው ቅርጾች ላይ ስደርብ ነው። ከዪንግሹ ከተማ በላይ የነበረ አንድ «ናዳ» ከተረተሩ ወዲህም ወዲያም ተዘርግቶ አገኘሁት። አፈርና ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ተረተር አይሻገርም፤ ቅርጹን አጉልቼ ስመረምረው አምስት ናዳዎች ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሦስት ወር ሥራዬን ከሥር ጀምሬ፣ እያንዳንዱ ናዳ ራሱ ከየት እንደተነሣና እግሩ የት እንደቆመ ሳልለይ ምንም ላለመመዝገብ ወሰንሁ። አድካሚ ነበር፤ ሆኖም በጽሑፌ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምተማመንበት ክፍል ይኸው ነው።

ጉዳዩ የጀማሪ ጥንቃቄ ጉድለት ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት የታተሙትን ጥናቶች ሳመሳክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ግምት የናዳውን ይዘት ከ5 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ኩብ ሲያደርሰው፣ ወደ ላይ የተነሣው መሬት ግን 2.6 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነበር፤ በዚህ ሒሳብ ተራራው ከስሯል። ናዳዎቹን ለያይቶ የቆጠረው የ2014 ጥናት ይዘቱን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ሲያወርደው፣ የተነሣውና የተናደው የሚቀራረቡ ሆኑ። የአንድ ተራራ ዕጣ በቅርጽ አሣሣል መለወጡ ዛሬም ያስደነግጠኛል።

የተናደውም ቢሆን ወንዝ እስካልወሰደው ድረስ ከተራራው ወጣ አይባልም። የወንዝ ደለል መዝገቦችን ስመለከት መጀመሪያ ዓመትን ከዓመት አነጻጽር ነበር፤ ይህ ግን ዝናብ ያጠረበትን ዓመት ጎርፍ ከበዛበት ጋር ሲያጋጥም የዝናቡን ሥራ ለመንቀጥቀጡ ይሰጣል። ትክክለኛው መንገድ ወንዙ እኩል ውኃ በሚያወርድባቸው ጊዜያት በውኃው ውስጥ ያለውን የደለል መጠን ማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ታይዋንን ከመታው የቺቺ መንቀጥቀጥ በኋላ የቾሹይ ወንዝ ደለል በዚህ አኳኋን ሲለካ በብዙ እጥፍ ጨምሮ፣ በስድስት ዓመት ገደማ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ይሁን እንጂ የመለኪያው ጠርሙስ የሚቀዳው በውኃው ውስጥ የተንጠለጠለውን ጭቃና ደቃቅ አሸዋ ነው፤ በወንዙ ወለል ላይ የሚንከባለለው ጠጠርና ቋጥኝ አይገባበትም። ስለዚህ የውኃው መጥራት የናዳው ማለቅ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየኝ በዪንግሹ አጠገብ ያለው የሆንግቹን ሸለቆ ነው። በሠንጠረዤ ውስጥ «ወንዝ ደርሷል» እና «አልደረሰም» የሚል አንድ ዓምድ ነበረኝ፤ በሸለቆው ላይኛው ክፍል ተከምረው የቀሩትን ናዳዎች «አልደረሰም» ብዬ ከወንዙ ሒሳብ አስወጥቻቸው ነበር። ነገር ግን ነሐሴ 8 ቀን 2002 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ያንኑ ክምር በጭቃና በድንጋይ ጎርፍ አውርዶ የሚን ወንዝን ገደበው፤ መንገዱን የሳተው ውኃም እንደገና በመሠራት ላይ የነበረችውን ከተማ አጥለቀለቃት። ያን ዓምድ ሰርዤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ናዳ «በየትኛው ዓመት ደረሰ» የሚል አስገባሁ፤ አብዛኞቹ ረድፎች እስካሁን ባዶ ናቸው።