«እስልምና ከዴሞክራሲ ጋር ይሄዳል?» ለሚሉኝ

ጎጃሜ ነኝ። ሙስሊም ነኝ። ሁለቱን አስከትዬ ስናገር አዲስ አበባ ላይ ሰው ቆም ብሎ ያየኛል። «ጎጃም እስላም አለ እንዴ?» ይሉኛል። አለ እንጂ! የአባቴ ወገኖች የየጁቤ ሰዎች ናቸው። እዚያው አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ዝነኛ ነበር። ከዓባይ ማዶ የመጣ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ዘልዬ ማለፍ አልወድም። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። መነገድ ያልቻለ ይሸምናል። አያቴ ሸማኔ፣ አባቴም ሸማኔ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ድርና ማግ፣ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ።

ሸማኔ የሆኑት ሙያውን ስለወደዱት ብቻ አይደለም። ርስት አልነበራቸውም። የጎጃም መሬት በአባት በእናት ዘር ተቆጥሮ የሚወረስ ነበር፤ ሙስሊሙ ከቆጠራው ውጪ ነው። ቢያርስም የሰው መሬት በእኩል ነው። ዘመዶቻችን በስማቸው መሬት ያገኙት ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሳኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሥነ ዜጋ ያስተምራሉ። ሱቄ ቡና ሲፈላ አይቀሩም። በቀደም ቶናውን ይዘው «እታለም፣ አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ እስልምና ከዴሞክራሲ ጋር ይሄዳል?» አሉኝ። ጋሼ ተንኮል የለባቸውም። ተማሪ ክፍል ውስጥ ጠይቋቸው ነው። ደንበኛ በዝቶ ስለነበር በወጉ አልመለስኩላቸውም። እዚህ ልመልስ።

በቅድሚያ የማልለውን። የእኛ ሰዎች ይህ ጥያቄ ሲነሳ ወዲያው ሹራን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ቁርኣን አማኞች ጉዳያቸውን በምክክር እንደሚያደርጉ ይናገራል። ምዕራፉም ስሙ ሹራ ነው። ግን ያንኑ አንቀጽ እየቀሩ ሥልጣን ለልጃቸው ያወረሱ ኸሊፋዎች ሞልተዋል። ኸሊፋው ሙዓውያ ለልጃቸው ለየዚድ ካወረሱ ስንት መቶ ዓመት ሆነ! ጥቅስ ብቻውን የምርጫ ሳጥን አያቆምም። ስለ ነጃሺም አላወራም፤ በየስብሰባው ተወርቶ አልቋል።

ሌላው ወገን ደግሞ «ሳዑዲን እዪ፣ ኢራንን እዪ» ይላል። እሺ፣ አየሁ። ሴኔጋልንስ ማን ይያት? ከ100 ሰው ከ90 በላዩ ሙስሊም ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ሊዮፖልድ ሴንጎር ግን ካቶሊክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 ገዙ። ሙሪድ የሚባለው የሱፊ ጠሪቃ ሼኾች ደግፈዋቸዋል። መልአክ ነበሩ አልልም፤ ለዓመታት በአንድ ፓርቲ ነው የገዙት። ቢሆንም «ካፊር አይገዛንም» ብሎ የተነሳ ሕዝብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ምርጫውን ሊገፉት ሲሞክሩ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት አይሆንም አላቸው። ምርጫው ተካሄደ። ያሸነፉት ባሲሩ ዲዮማይ ፋይ ከእስር ከወጡ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም ነበር።

ጎረቤቷ ማሊም እንደዚያው ሙስሊም ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 ወታደር ገለበጠ፣ በ2021 ደገመው። ሃይማኖቱ ያው ነው። ልዩነቱን ሰፈሩ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ ውስጥ፣ የጦር ካምፑ ውስጥ ፈልጉት።

ቅርባችን ያለችውን ሶማሌላንድንም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጀመሪያው ቆጠራ አሸናፊውን ከተሸናፊው የለየው 80 ድምፅ ነው። ሰማንያ! ማርቆስ ላይ አንድ ሠርግ ከዚያ በላይ ሰው ይጠራል። ተሸናፊው አሕመድ ሲላንዮ አኮረፉ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ተቀበሉ። በ2010 ተመልሰው ተወዳድረው ተመረጡ። እዚያም ምርጫ ይራዘማል፣ ጋዜጠኛም ይታሰራል። ግን ሁሉም ሙስሊም የሆነበት አገር ነው፤ ሃይማኖቱ ድምፅ ከመቁጠር አላገዳቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 መሠረት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ንጉሡም ሁልጊዜ ኦርቶዶክስ መሆን ነበረባቸው። ፓኪስታን ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ሙስሊም ካልሆነ አይሆንም ትላለች። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ላሆር የሚኖር ክርስቲያን ዛሬ የቆመው የየጁቤው አያቴ በቆሙበት ቦታ ነው። መጽሐፉ ሌላ ነው፤ በደሉ ያው ነው። ሃይማኖትና መንግሥት አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የሚጨፈለቀው ወንበሩ ላይ የሌለው ሰው ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጣ። ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። ጥያቄያቸው መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ መሬት ይኑረን፣ በዓላችን ይከበር የሚል ነበር። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ወሬው ባሶ ሊበን ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ፈርተው «ዝም በሉ፣ ያስፈጁናል» ማለታቸውን ይነግረናል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሩቅ አገር ፖርቹጋል ውስጥ ወታደሮች አሮጌውን አምባገነን መንግሥት ጣሉ። ፖርቹጋልም ስፔንም ያኔ ነፃ ምርጫ አልነበራቸውም። «ካቶሊክ ለጳጳስና ለጌታ መታዘዝ እንጂ ዴሞክራሲ አያውቅም» የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣ ይሳቅበታል። በአጋጣሚ እኛ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 1967፣ ንጉሡን ጥለን ደርግን አገኘን።

ከሁሉም በላይ ለጋሼ ተማሪዎች ብነግራቸው ደስ የሚለኝ ግን የ2004ቱን ነው። ነገሩ አዲስ አበባ በሚገኘው አወሊያ የሙስሊሞች ትምህርት ቤት ተጀመረ። መንግሥት አህባሽ የሚባለውን አስተምህሮ በሥልጠና ሊጭንብን ነው ተባለ። ሕዝቡ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ድምፁን ማሰማት ጀመረ። «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው ያ ነው። ምን ጠየቁ? ሥልጠናው ይቁም፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይመራ፣ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) መሪዎቻችንን እኛው እንምረጥ፤ ምርጫውም በመስጊድ ይሁን፣ በቀበሌ አይሁን። ይኼው ነው። እስላማዊ መንግሥት ይቋቋምልን ያለ ጥያቄ የለበትም። «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» ነው የሚሉት። ሐምሌ ላይ ሕዝቡ የወከላቸውን ኮሚቴዎች አሰሯቸው። በመስከረም 2005 ምርጫው ቀበሌ ውስጥ ተደረገ።

እኔ አልሄድኩም። ስኳርና ዘይት የምሰለፍበት ቦታ የሃይማኖት መሪ ልመርጥ? በ2007 ክረምት ኮሚቴዎቹና አብረዋቸው የተከሰሱት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ዴሞክራሲ ያስቸገረው ማንን ነው? የምርጫ ሳጥን የጠየቀው መስጊዱ፣ የከለከለው ዓለማዊ ነኝ ባዩ ቢሮ!

የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አንዳንዱን ሰው ያስደነግጠዋል። እኛ አገር አለ፣ የሚተዳደረውም በመንግሥት በጀት ነው። ግን የሚዳኘው ጋብቻን፣ ውርስን የመሳሰለውን ነው፤ ያም ሁለቱም ባለጉዳዮች ሲፈቅዱ ብቻ። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወረቀቱ መልካም ነው። የምሠጋው ለሴቷ ነው። አጎትና ወንድም ከበዋት «እሺ በይ» ሲሏት ፈቃድ ምኑ ፈቃድ ነው?

ስለ ብዛትም አንድ ነገር ልበል። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆች ተዘረፉ። ከእኔ ጋቢ እየወሰደ የሚሸጥ ደንበኛ ነበረኝ፤ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ሕዝብ ያለው ይሁን» የሚል ንግግር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። የትኛው ሕዝብ? ጎጃም ላይ ሁሉም ነገር እጅ በማውጣት ብቻ ከተወሰነ እኔ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነኝ። ለዚህ ነው ከምርጫ ሕጉ በፊት የአሁኑን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የማነበው፤ የሃይማኖት ነፃነቱን።

ደግነቱ ያገሬ ሰው ይህን ሳይማረው ያውቀዋል። ክርስቲያን ጎረቤቴ ሲድር በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ለእኛ ይሰጣል። አራጁ የእኛ ሰው፣ ድስቱ ሌላ፣ ወጥ ሠሪዋ ሌላ፣ ተቀምጠን የምንበላው ግን እዚያው ዳስ ውስጥ ነው። እኛም ስንድር እንዲሁ እናደርጋለን። ማንም ድምፅ አልሰጠበትም። በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ ሽሮ በልተን እንመለስ ነበር።

እድራችንም የሁላችን ነው። ደንብ አለው፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው። እኛ በዕለቱ ስለምንቀብር ድንኳኑ ለእኛ ቶሎ ይወጣል፤ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ከድሮ ጀምሮ የነበሩትን ሊቀመንበር «ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ» ብሎ ሰው ሊያጨበጭብ ሲል አንድ አዛውንት ሸማኔ ተነሱና «ሒሳቡ ይነበብ» አሉ። ጉርምርምታ ሆነ። ከኋላ አንድ ቄስ «ትክክል ነው፣ ይነበብ» ብለው ደገፏቸው። ተነበበ። ጉድለት አልተገኘም፤ ሊቀመንበሩም ቀጠሉ። ግን ከስብሰባው በኋላ ሰው የወቀሰው ሸማኔውን ነበር። «ትልቅ ሰው አዋረዱ» ተባለ።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ከቁርኣን አይደለም፣ ከወንጌልም አይደለም። የእኛው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት እኩል ይነገራል። ይሄው ጎጃም ደግሞ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ አምፆ፣ ራሱ የመረጣቸውን የጎበዝ አለቆች አስቀድሞ መንግሥትን ወደ ኋላ የመለሰ አገር ነው። ባህል የምንለው ሁለቱንም ይዟል። ግብር ሲበዛበት የሚነሳው ገበሬ እቤቱ ሚስቱን አያናግርም።

የእኛንም ልናገር። ሰፈራችን መስጊድ ኮሚቴ ውስጥ ሴት የለችም። ምንጣፉን የምናጥበው፣ ለአፍጥር የምናዋጣው እኛ ነን። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ኢማሙን ጠየቅናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። «ሸሪዓው አልከለከለም፣ ልማዱ ነው» አሉን። ልማድ ከሆነማ ልንከራከርበት እንችላለን ብለን ደብዳቤ ጻፍን። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሰምተው ስለ ሰበካ ጉባኤያቸው ማጉረምረም ጀምረዋል። የኮሚቴው መልስ እስካሁን አልመጣም። ደብዳቤው ላይ አሥራ ምናምን ሴቶች ፈርመንበታል፤ ሁለቱ ባሎቻቸው እንዳይሰሙ ብለዋል።